የሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ የቆመው ሰውዬ ማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ስለሆኑ አንድ ላይ አቀረብናቸው። ጉዳዩ በአሜሪካ ከተሞች፣ ይልቁንም በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ፣ ለጥይት እጅግ የተጋለጡ ወጣቶችን የሚከታተሉ ፕሮግራሞች ናቸው። የጠያቂዎቹን ማንነት የሚያሳውቁ ዝርዝሮችን አውጥተናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የ19 ዓመት ልጄ ጭኑ ላይ ተመትቶ ሆስፒታል ተኝቷል። በማግስቱ አንድ ሰውዬ መጥቶ ከሆስፒታሉ የጥቃት መከላከያ ፕሮግራም ነኝ፣ ልጁን ለብቻው ላነጋግረው አለኝ። ንቅሳት በንቅሳት ነው፤ እስር ቤት እንደነበረም አልደበቀኝም። ፖሊስ ይሁን የጠበኞቹ ወገን ይሁን አላወቅኩም፣ አስወጣሁት። አጠፋሁ?»
— እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይማርልዎ። አላጠፉም፤ ማንም እናት የምታደርገውን ነው ያደረጉት። ነገር ግን ሰውዬውን ዛሬውኑ ያስጠሩት። ነርሷን ወይም የክፍሉን ሶሻል ወርከር «የቫዮለንስ ኢንተርቬንሽን ሠራተኛው ይመለስልን» ማለት ይበቃል። ሲመጣ የሆስፒታሉን መታወቂያ ይዩ፤ የሱፐርቫይዘሩን ስምና ስልክም ይጠይቁ። እውነተኛው ሠራተኛ በዚህ አይከፋም፣ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ፖሊስ አይደለም። ማን እንደተኮሰ አይጠይቅም፤ ልጁ ሊነግረው ቢጀምር እንኳ ብዙዎቹ ያስቆሙታል። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነገር አለ። በሜሪላንድም ሆነ በዲሲና በቨርጂኒያ በጥይት የተመታ ሰው ሲመጣ ለፖሊስ ማሳወቅ የሕክምና ባለሙያዎች የሕግ ግዴታ ነው። ስለዚህ መርማሪ መምጣቱ አይቀርም። ሁለቱ በአንድ ቀን ሲመጡ ሰው «ሰውዬው ነው የጠራው» ይላል፤ ግን አይደለም። ልጅዎ 19 ዓመቱ ስለሆነ ፕሮግራሙን የሚቀበለው ወይም የማይቀበለው ራሱ ነው፤ ፈቃዱን በፊርማው ይሰጣል፣ ባሰኘው ጊዜም ያቆማል። ከመፈረሙ በፊት ምስጢር የማይጠበቅበት ሁኔታ የትኛው እንደሆነ ያስረዳ ይበሉት። በአብዛኛው ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊገድል እንደሆነ ከተናገረ፣ በሕፃን ላይ ጥቃት ከተፈጸመ፣ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘ ነው።

እስር ቤት የነበረ ሰው የሚቀጠረው ሆን ተብሎ ነው። በጥይት የተመታ ወጣት ለሐኪም ያልተናገረውን፣ ለእናቱም የደበቀውን፣ አንድ ጊዜ እዚያው ቦታ ለተኛ ሰው ይናገራል። ሰውዬው የሚፈልገውም ሦስት ነገር ማወቅ ነው፤ ልጁ ሲወጣ የሚሄድበት ቤት ጠበኞቹ የሚያውቁት ነው ወይ? ጓደኞቹ ምን እያሰቡ ነው? እሱስ ራሱን «ለመጠበቅ» ሽጉጥ ፍለጋ ጀምሯል ወይ? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ከባድ ናቸው የሚባለው ለዚህ ነው። ልጁ አልጋ ላይ ቢሆንም በቀሉ በጓደኞቹ እጅ ነው፤ ዕቅዱም ብዙ ጊዜ የሚወጣው እዚያው የሆስፒታሉ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው።

እኛ ሐበሾች ደግሞ በሽተኛ መጠየቅ እንወዳለን። በዚህ ጊዜ ግን ሃያ ሰው ወደ ክፍሉ አይጋብዙ። ሆስፒታሉ በሽተኛው በሌላ ስም እንዲመዘገብ፣ የሚገቡት ሰዎችም በዝርዝር እንዲወሰኑ ማድረግ ይችላል፤ ሳይጠየቅ ግን ላያደርገው ይችላል። የአልጋውን ፎቶ፣ የክፍሉን ቁጥር፣ የሚወጣበትን ቀን ማንም ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ እንዳያወጣ፤ «ጸልዩለት» የሚለውም ቢሆን ሳይጻፍ ይቅር። ለማስተርጎምም ታናሽ እህቱን አያስቀምጡ። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ የዲሲ መንግሥት ቢሮዎች ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ባለው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ በአማርኛ ማስተናገድ አለባቸው።

ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ አሰልቺ ነው፣ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። ልብሱና ስልኩ በማስረጃነት ተወስዶ ሊሆን ይችላል፤ መታወቂያውም አብሮ ይጠፋል። ያለ መታወቂያ መድኃኒት ማውጣትም ሥራ መመለስም ስለሚያስቸግር አብዛኞቹ ሠራተኞች የሚጀምሩት ከዚህ ነው። ከዚያ የቁስል ማጠቢያ ቀጠሮ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ መጓጓዣ ይከተላል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሳምንት ላይ ቁስሉ ሲሽር እንቅልፍ ይጠፋል፤ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፣ ከቤት አልወጣም ይላል ወይም ለመተኛት ማሪዋና ያጨሳል። ቤተሰብ ይህን ስንፍና ይለዋል። ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። ክትትሉ እንደ ፕሮግራሙ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይዘልቃል።

በባልቲሞሩ ሾክ ትራውማ የአደጋ ሕክምና ማዕከል በ1998 የተጀመረ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ቀድሞም ቆስለው በሚያውቁ 100 ያህል ታካሚዎች ላይ በዕጣ ተፈትኖ ነበር። ከተከታተሉት ዳግም ቆስለው የመጡት 5 በመቶ ሲሆኑ ካልተከታተሉት 36 በመቶ ናቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ አይደለም።

ገንዘብን በተመለከተ በየግዛቱ የወንጀል ተጎጂዎች ካሳ አለ። ኢንሹራንስ ያልከፈለውን የሕክምና ወጪ፣ የቀረ ደመወዝ፣ አንዳንዴም ቤት ለመቀየር የሚያስፈልገውን ይሸፍናል። የማመልከቻው ቀነ ገደብ እንደየግዛቱ ስለሚለያይ በመጀመሪያው ወር ያስገቡ፤ ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ። ወንጀሉ ለፖሊስ ካልተነገረ ውድቅ ሊሆን ይችላል። ልጁ የመኖሪያ ወረቀት ከሌለው «ዩ ቪዛ» የሚባል አለ። ለከባድ ጥቃት ተጎጂዎች ነው፤ ከምርመራው ጋር መተባበሩን ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ በፊርማ ማረጋገጥ አለበት። በዓመት የሚሰጠው 10,000 ብቻ ስለሆነ ወረፋው ዓመታት ይወስዳል። በዚህ ጉዳይ የኢሚግሬሽን ጠበቃ እንጂ ጎረቤት አያማክሩ።

«ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት ይቀራል፣ ከማይሆኑ ልጆች ጋር ይውላል። ሰፈራችን ካለው የጥቃት መከላከያ ፕሮግራም ወስጄው "እሱ ለእኛ አይሆንም" ብለው መለሱኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል አልሰሙም?»
— አባት፣ ከዲሲ

ሰምተዋል። ግን እነሱ የተቀመጡት ቃጠሎው የጀመረበት ቤት በር ላይ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች ለወጣት ሁሉ የተሠሩ አይደሉም። በ2021 በዲሲ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ከከተማዋ የጥይት ጥቃት ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው በዓመት ውስጥ ተለይተው ሊታወቁ በሚችሉ 500 ያህል ሰዎች ዙሪያ የሚሽከረከር ነው፤ በየትኛውም ጊዜ ግን ከነዚህ ውስጥ አደጋው የሚንቀለቀለው 200 ያህሉ ናቸው። ብዙዎቹ ልጆች አይደሉም፣ ከ18 እስከ 34 ዓመት ያሉ ወንዶች ናቸው።

በቺካጎ በ2000 የተጀመረውና አሁን «ኪዩር ቫዮለንስ» የሚባለው አሠራር ሰውን የሚቀበለው ከሰባት መመዘኛዎች ቢያንስ አራቱን ሲያሟላ ነው። ዕድሜው ከ16 እስከ 25 መሆን፣ በጋንግ ውስጥ መኖር፣ እዚያም ዋና ሰው መሆን፣ ሽጉጥ በመያዝ መታወቅ፣ የጥቃት ወንጀል ታሪክ፣ በቅርቡ ከእስር መውጣት፣ በቅርቡ በጥይት መመታት ወይም የቅርብ ሰው መመታቱ ናቸው። ልጅዎ ምናልባት አንዱን ያሟላ ይሆናል። አንድ አውትሪች ሠራተኛ፣ ማለትም በሰፈር እየዞረ እነዚህን ሰዎች የሚከታተል ሰው፣ የሚይዘው ከ10 እስከ 15 ሰው ነው፤ እያንዳንዱን በሳምንት ደጋግሞ ያገኛል። ቦታው በ15 ዓመት ልጅ ከተሞላ ነገ ሊተኩስ የሚችለው የ24 ዓመቱ ሰው ደጅ ይቀራል።

ሌላም ምክንያት አለ። ትንሹን ልጅ ከትልልቆቹ ጋር አንድ ክፍል ማስቀመጥ እሱን ማስተዋወቅ ነው፤ ያላወቀውን ሰው ያውቃል፣ የሰው ጠብም ይወርሳል። ለረጂ ድርጅት ቁጥር ለማሳየት ሲሉ ቀላል ልጆችን የሚመዘግቡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከእነዚያ የመለሱዎት ይሻላሉ። ለልጅዎ የሚሆነው የትምህርት ቤቱ የመቅረት ጉዳይ ቢሮ፣ ሜንተርና ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ግን አንድ ነገር ከተለወጠ፣ ማለትም ጓደኛው ከተመታ ወይም በኢንስታግራም በስሙ ከተዛተበት፣ ተመልሰው ይሂዱ። ያኔ መልሱ ሌላ ይሆናል።

«ወንጀለኛን በወር አበል መደለል መቼም አይዋጥልኝም። ደግሞስ ይሠራል?»
— ከቨርጂኒያ

አበሉ በየቦታው የለም። የታወቀው የካሊፎርኒያዋ ሪችመንድ ነው። እዚያ የ18 ወር ፕሮግራም ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በኋላ በጽሑፍ ያስቀመጡትን ዕቅድ ደረጃ በደረጃ ለፈጸሙ በወር እስከ 1,000 ዶላር ይሰጣል። አንድ ሰው በጥይት ሲመታ ለቀዶ ሕክምና፣ ለምርመራ፣ ለችሎትና ለእስር ከሚወጣው አንፃር ይህ ጥቂት ነው። አበሉም የሚገዛው ጥሩ ጠባይ አይደለም፤ ቀጠሮ ማክበርን ነው። በ2019 የወጣ ጥናት ፕሮግራሙ ከጀመረ ወዲህ በሪችመንድ በጥይት ሳቢያ የሚደርስ ሞትና የሆስፒታል ጉብኝት በዓመት 55 በመቶ መቀነሱን አገኘ። ያው ጥናት ያለ ጥይት የሚደርስ ጥቃት 16 በመቶ ጨምሮ እንዳገኘም መናገር አለብን። ሽጉጡ ቀርቶ ቡጢው ጨመረ ማለት ይሆናል፤ እኛ ይህን ልውውጥ እንቀበለዋለን።

ይሠራል ወይ ለሚለው፣ እንደ አያያዙ ነው። በቦስተን በ1996 የተጀመረውና ፖሊስን፣ ቄሶችንና የማኅበራዊ አገልግሎት ሰዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠው አሠራር የወጣቶችን ግድያ 63 በመቶ ቀነሰ ተብሎ ተመዝግቧል። በቺካጎ ደግሞ ሬዲ የሚባለው ፕሮግራም 18 ወር የሚከፈልበት ሥራና በንዴት ሰዓት ቆም ብሎ ማሰብን የሚያለማምድ ሕክምና ያጣምራል፤ 2,456 ወንዶች በዕጣ ተከፍለው ተጠንተዋል። ከተመረጡት የጀመሩት 55 በመቶ ያህሉ ናቸው፤ ይህ ራሱ ለእነዚህ ሰዎች ትልቅ ቁጥር ነው። ጠቅላላው የከባድ ጥቃት መለኪያ በግልጽ አልቀነሰም። በተኩስና በግድያ መታሰር ግን 65 በመቶ ቀንሶ ታይቷል። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ከሦስቱ የመመልመያ መንገዶች በኮምፒውተር ስሌት ወይም ከእስር ቤት ከተላኩት ይልቅ የሰፈሩ አውትሪች ሠራተኞች «ይሄን ውሰዱ» ብለው የጠቆሟቸው ላይ ውጤቱ ጎልቶ መታየቱ ነው። ሠራተኛው ሰውን ማወቁ ዋጋ አለው ማለት ነው።

በባልቲሞር ሴፍ ስትሪትስ የሚባለው የጥቃት መከላከያ ፕሮግራም ከ2007 ጀምሮ አለ። በአንድ ወቅት የተደረገ ጥናት ብዙም ለውጥ አላየበትም፤ በ2023 የወጣው ደግሞ በሞት ያላበቁ ተኩሶች 23 በመቶ ቀንሰዋል አለ። አንዱ ጣቢያ በደንብ ሲሠራ ሌላው ሰው ይለቅበታል፣ ደመወዝ ይዘገይበታል፣ ሥራውም ይሞታል። በዲሲም በ2024 አንድ የከተማ ምክር ቤት አባል ከእነዚህ ፕሮግራሞች ውል ጋር በተያያዘ ጉቦ ተቀብሏል ተብሎ ተከሷል፤ እሱ አላደረግኩም ብሏል። የዲሲ ግድያ በ2023 ከነበረው 274 በ2024 ወደ 187 ሲወርድ «እኛ ነን ያወረድነው» ያለ ሁሉ ግን አይታመን፤ በዚያ ዓመት በአገሪቱ በብዙ ከተሞች ወርዷል። የፌዴራል መንግሥት በ2022 ሕግ ለአምስት ዓመት 250 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር፤ በኤፕሪል 2025 ግን የፍትሕ ሚኒስቴር ብዙ ድጋፎችን በድንገት አቋረጠ። ስለዚህ ድረ ገጽ ላይ ያዩት ፕሮግራም ዛሬ ላይኖር ስለሚችል ከመሄድዎ በፊት ይደውሉ።

«የእድር ሰብሳቢ ነኝ። ከአባሎቻችን የአንዱ ልጅ ተገድሎ ቀብረናል። ጓደኞቹ ዝም የሚሉ አይመስሉም። አገር ቤት ደም እናደርቅ ነበር። እዚህ ሽማግሌ ልከን ከዚያኛው ወገን ጋር ብንነጋገርስ?»
— ከአሌክሳንድሪያ

ጋሼ፣ ነፍስ ይማር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን እርስዎ ለእኛ ቢነግሩን ይሻላል። ሽማግሌ ሆነው የሚያውቁት ነገር እዚህም ይሠራል፤ አንድ መሠረት ግን የለም። አገር ቤት ደም የሚደርቀው የሟችም የገዳይም ዘመድ ልጆቹን ማዘዝ ስለሚችል ነው። አባት «ይቅር» ካለ ወንድምም በዚያ ቃል ይታሰራል። እዚህ በዚያኛው ወገን የሚታዘዝ አባት ላይኖር ይችላል። የሚታዘዘው ምናልባት የ26 ዓመት ሰው ነው፣ እሱንም የሚያውቀው ኢንተራፕተር የሚባለው፣ ጠብ ወደ ተኩስ ሳይሄድ የሚያበርደው የፕሮግራሙ ሠራተኛ ነው። በራሳችሁ አትሂዱ፤ ሄዳችሁ የተናገራችሁት ቃል በአንድ ሰዓት ውስጥ ስልክ ላይ ተቆራርጦ ይወጣል።

ኢንተራፕተር ሁለቱን ወገን ፊት ለፊት አያገናኝም፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። ለየብቻ ይሄዳል። በመጀመሪያው ውይይት ይቅርታ አይጠይቅም፤ ጊዜ ነው የሚጠይቀው፤ «እስከ እሑድ ድረስ ምንም አታድርጉ፣ እኔ እመለሳለሁ»። ከዚያ የጠቡን ሥር ይፈልጋል። ሲጣራ ብዙ ጊዜ የ300 ዶላር ዕዳ፣ ሴት ልጅ፣ ወይም በቪዲዮ የተሰደበ ሟች ሆኖ ይገኛል። ስምምነቱም ትንሽ ነው፤ ያ ቪዲዮ ይነሳ፣ እነዚህ በዚያ መንገድ አይለፉ። ካለቀ በኋላ የሟች ልደት፣ የሙት ዓመቱ፣ የችሎት ቀን፣ ከታሳሪዎቹ አንዱ የሚፈታበት ቀን በማስታወሻ ይያዛሉ፤ ጠቡ የሚያገረሽባቸው ቀናት እነዚህ ናቸውና።

እድሩ ሊያደርገው የሚችለው ለቅሶውን መጠበቅ ነው። ለቅሶ ቤት፣ ሻማ የሚበራበት ቦታና ቀብር ለተኩስ የተጋለጡ ናቸው፣ ሁሉም በአንድ ቦታና በታወቀ ሰዓት ይገኛልና። አርባውና ሙት ዓመቱ ገና ስለሆኑ፣ ቦታና ሰዓቱን ለፕሮግራሙ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ሠራተኞች በር ላይ ይቆማሉ። አድራሻውን በቫይበርና በዋትስአፕ ለሁሉም አትበትኑ። ወጣቶቹን ውጭ መኪና አጠገብ አትተዉአቸው፤ ድንኳን መትከል፣ ውሃ ማመላለስ፣ ሳህን ማጠብ ስጧቸው። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሥራ የያዘ እጅ ስልክ ላይ አይውልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በአገር ቤት ሽምግልና «ክሱ ይቅር፣ ካሳ ይከፈል» ማለት የተለመደ ነው። በአሜሪካ ምስክርን «አትመስክር» ብሎ መለመን፣ በገንዘብም ሆነ በሽማግሌ ቃል፣ ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ነው። ሽማግሌው በቅን ልቡና ያደረገው መሆኑ አያድነውም። የልጅን ሽጉጥ «እኔ ጋ ይቀመጥ» ብላችሁም አትቀበሉ፤ ያልተመዘገበ መሣሪያ በዲሲ መያዝ ያሳስራል።

«የወንድሜን ልጅ ጠበኞቹ ይፈልጉታል ተባለ። ለአንድ ሁለት ዓመት አዲስ አበባ ብንልከውስ?»
— ከሜሪላንድ

ቶሎ አትቁረጡት ቲኬቱን። ልጁ በፕሮቤሽን ወይም በፓሮል ላይ ከሆነ፣ ማለትም ከእስር ውጭ ሆኖ በሕግ ቁጥጥር ሥር ካለ፣ ያለ ፈቃድ ከአገር መውጣቱ የእስር ማዘዣ ያስወጣበታል። ግሪን ካርድ ካለው ከስድስት ወር በላይ መቆየት ጥያቄ ያስነሳል፤ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ መመለሻ ፈቃድ ከቆየ መኖሪያውን እንደተወው ሊቆጠር ይችላል። በጥገኝነት የተቀበሉት ከሆነ ደግሞ ወደ ሸሸበት አገር መመለሱ ጥገኝነቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ከሁሉም በላይ ስልኩ አብሮት ይሄዳል፤ ጠቡም እንደዚያው።

የሚሻለው በሌላ ግዛት ዘመድ ጋ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ማረፍ ነው። ፕሮግራሙ ትኬትና የመጀመሪያ ወጪ የሚረዳበት ጊዜ አለ። የሚያርፍበት ቤት የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ ከዚያ የሚለጠፍ ፎቶ አይኑር። የመመለሻው ቀንም በናፍቆት አይወሰን፤ እዚያ ሰፈር የሚሠራው ኢንተራፕተር «ቀዝቅዟል» ሲል ብቻ ይመለስ።

«31 ዓመቴ ነው፣ ስድስት ዓመት ታስሬ ወጥቻለሁ። አማርኛና እንግሊዝኛ እኩል እናገራለሁ። በዚህ ሥራ መቀጠር እፈልጋለሁ፤ መዝገቤ አያስቀረኝም?»
— ከዲሲ

ወንድማችን፣ መታሰርህ ብቻውን አያስቀርህም፤ ያልተዘጋ ክስ ግን ያስቀርሃል። በኪዩር ቫዮለንስ አሠራር ቅጥሩ በአንድ ሰው አይወሰንም፤ የሰፈር ሰዎችና የፖሊስ ተወካይ ያሉበት ጉባኤ ይመለከትሃል፣ የዕፅ ምርመራም አለ። የመጀመሪያው ሥልጠና 40 ሰዓት ያህል ነው። የአሜሪካ ዜግነት ከሌለህ ማመልከቻ ከመሙላትህ በፊት መዝገብህን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው።

የሥራ ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ነው። በባልቲሞር ከጃንዋሪ 2021 እስከ ጃንዋሪ 2022 ሦስት የሴፍ ስትሪትስ ሠራተኞች ተገድለዋል። ስለዚህ በቃለ መጠይቁ ላይ አንተም ጠይቃቸው፤ ደመወዙ በየስንት ቀኑ ይገባል፣ የሕክምናና የሕይወት መድን አለ ወይ፣ የምትከታተለው ልጅ ሲሞት ስንት ቀን ዕረፍት ትሰጣላችሁ በላቸው። ለመጨረሻው «አስበንበት አናውቅም» ካሉህ ሌላ ፕሮግራም ፈልግ።